እናቴ ቦሌ ደርሳ ቼክ ኢን ተዘግቷል ተባለች፣ አሁኑኑ ምን እናድርግ?

የሸዋ ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ወገኖች፣ ቸኩዬ ስለሆነ የምጽፈው ቢዘበራረቅ አትፍረዱብኝ። እናቴ ዛሬ ማታ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ደለስ በረራ ነበራት፣ ትኬቱ ላይ 22:45 ይላል፣ በኛ ከምሽቱ 4:45 ማለት ነው። ከደብረ ብርሃን ከወንድሜ ጋር በመኪና ቀን 8 ሰዓት ሳይሞላ ነው የወጡት፣ መንገዱ ቢበዛ 3 ሰዓት ነው፣ ግን ሸኖ አካባቢ ከባድ መኪና ተገልብጦ መንገዱን ግጥም አድርጎ ዘግቶት፣ ዝናብና ጉም ተጨምሮበት እዛው ቆመው መሸባቸው። ቦሌ ተርሚናል 2 ሲደርሱ 4 ሰዓት ከ5 ሆኗል፣ ፍተሻውን አልፋ ካውንተር ስትደርስ ተዘግቷል አሏት። ወንድሜ ተሳፋሪ ስላልሆነ ውጪ ቀርቷል፣ እሷ ሁለት ሻንጣ ይዛ ውስጥ ለብቻዋ ቆማለች፣ ስልክ ላይ ድምጿ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል።

37ኛ ሳምንቴ ላይ ነኝ፣ የምትመጣው ለአራስነቴ ነው። ቪዛዋ የ3 ወር፣ አንዴ ብቻ የሚያስገባ፣ ኦገስት 29 ያበቃል፣ ዛሬ 14 ነው። ትኬቱ ደርሶ መልስ ነው፣ መመለሻው ጃንዋሪ ላይ፣ የገዛሁትም እዚሁ ሜሪላንድ ካለ ኤጀንሲ ነው። አንድ ጓደኛዬ ያ ትኬት ተቃጥሏል በቃ አዲስ ግዢ አለችኝ፣ ነገ በፍራንክፈርት በኩል የሚሄድ አይቻለሁ ዋጋው ግን አይቀመስም። እውነት ተቃጥሏል? መመለሻውስ? ልግዛው ወይስ ልጠብቅ? የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ።

ትኬት ቆራጭ

እህቴ አይዞሽ። አዲስ ትኬት እንዳትገዢ። መጀመሪያ ይሄን አድርጊ ሌላውን ቆይተሽ ታነቢዋለሽ፦ አውሮፕላኑ ሳይነሳ አሁኑኑ ኤጀንሲው ጋ ደውይ። አንቺ ጋ ገና ከሰዓት 9 ሰዓት ምናምን ነው፣ ቢሮ ክፍት ነው፣ ይሄ ትልቅ እድል ነው። የምትያቸው ነገር ይሄ ነው፣ "ተሳፋሪዋ ዛሬ አትበርም፣ ኖ ሾው ተብላ ሳትመዘገብ የዛሬውን በረራ ብቻ ሰርዙልኝ፣ መመለሻውን እንዳትነኩት።" ካላነሱ ወዲያው የአየር መንገዱ ጥሪ ማዕከል፣ ስድስት ሆሄና ቁጥር ያለውን የቡኪንግ ኮድ ይዘሽ።

ለምን መሰለሽ፣ ተሳፋሪ ሳይናገር ሲቀር ሲስተሙ ኖ ሾው ይለውና ከዛ በኋላ ያሉትን በረራዎች በሙሉ አብሮ ይሰርዛቸዋል፣ የጃንዋሪው መመለሻም አብሮ ይሄዳል ማለት ነው። አንዳንድ ትኬት ላይ ከመነሻው ብዙ ሰዓት ቀደም ብሎ ካልተነገረ ቅጣቱ ላይቀር ይችላል፣ እሱን ኋላ እናየዋለን፣ ቢያንስ ቡኪንጉ በሕይወት ይቆይ።

እናትሽ ደግሞ ከካውንተሩ አካባቢ እንዳትሄድ። ስልኩን ተረኛ ሱፐርቫይዘር ለሆነው ሰው ታቀብለውና አንቺ አውሪው፣ በረራው ሳይነሳ ኤርፖርት መድረሷን ሲስተሙ ላይ ሪማርክ አድርግልን በይው። ሁለት መስመር ጽሑፍ ናት፣ ነገ ትኬቱን የሚያስተካክለው ሰው ግን መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነው።

ቦሌ ሚካኤል

እዛ የሚሰራ የምታውቁት ሰው የለም? 40 ደቂቃ እኮ ብዙ ነው፣ አውሮፕላኑ እዛው ቆሞ! አንድ ሰው ቢገኝ ያስገባት ነበር፣ በዘመድ ያለቀ ስንት ነገር አይተናል። አስቡት እስኪ፣ አንዲት እናት ሻንጣ ይዛ ቆማ።

ትኬት ቆራጭ

ቦሌ ሚካኤል ሀዘኔታህ ይገባኛል፣ ግን እባክህ ሰው ፍለጋ የቀረችውን ደቂቃ አታስጨርሳት። ለዓለም አቀፍ በረራ ቼክ ኢን ብዙ ጊዜ 1 ሰዓት ሲቀረው ይዘጋል። ከዛ በኋላ የተሳፋሪውና የሻንጣው ቁጥር ተደምሮ የአውሮፕላኑ ክብደት ሚዛን ይሰራል፣ ሻንጣው ወደ ሆዱ ይጫናል፣ ወደ አሜሪካ ሲሆን ደግሞ የተሳፋሪው ዝርዝር በሩ ሳይዘጋ ለአሜሪካ ጉምሩክና ድንበር ጥበቃ መላክ አለበት። ካውንተር ላይ ያለችው ልጅ ብትፈልግም ሲስተሙ ዘግቶባታል፣ አልቅሰህም ተቆጥተህም አይከፈትም። እኔ ያየሁት ሰራተኛዋ ላይ የጮኸ ሰው ሪማርኩንም ሳያጽፍ፣ ለነገ ወንበር ይኑር አይኑር ሳይጠይቅ ሲሄድ ነው። ለስላሳ አንደበት ይሻላል፣ እነሱም እናት አላቸው።

የሸዋ ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ኤጀንሲው አነሳ!! ልጅቷ የዛሬውን ሰርዤዋለሁ መመለሻው አለ ብላኛለች፣ ሱፐርቫይዘሩም ጨዋ ሰው ነው፣ ጽፌላታለሁ ወንበርም አቅርቤላታለሁ አለኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እውነቴን ነው እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ወንድሜ አሁን አውጥቶ ሲኤምሲ አክስቴ ጋ እየወሰዳት ነው።

አሁን ኤጀንሲዋ ለእሁድ ቦታ አለ፣ ግን ቅጣትና የዋጋ ልዩነት አለው፣ አስልቼ በ1 ሰዓት ውስጥ እደውላለሁ አለችኝ። በዚህ መሃል ያንን በፍራንክፈርት የሚሄደውን ልያዘው እንዴ? 24 ሰዓት ውስጥ ከተሰረዘ ገንዘብ ይመለሳል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ማይን ዳር (ፍራንክፈርት)

እህቴ እንዳትይዢው። ያ የ24 ሰዓት ነገር የአሜሪካ ትራንስፖርት መስሪያ ቤት ሕግ ነው፣ ግን የሚሰራው ከበረራው 7 ቀንና ከዛ በላይ ቀድሞ ለተገዛ ትኬት ነው። ለነገ የሚነሳ ገዝተሽ ልመልስ ብትይ አየር መንገዱ የመመለስ ግዴታ የለበትም። ብዙ ሰው እዚች ጋ ነው ገንዘቡ የሚቀልጥበት፣ ደንግጦ ሁለተኛ ትኬት ይገዛል፣ ከዛ የመጀመሪያው ሊስተካከል ይችል እንደነበር ይሰማል፣ ሁለቱም እጁ ላይ ይቀራሉ።

ሌላው የፍራንክፈርቱ ነገር። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሼንገን አገር (ጀርመንን ጨምሮ የጋራ ቪዛ ያላቸው የአውሮፓ አገሮች) ኤርፖርት አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳን የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁት ውስጥ ነው። እናትሽ ያልተቃጠለ የአሜሪካ ቪዛ ስላላት ነፃ ነች፣ ግን ከትራንዚት ክልሉ ካልወጣች ብቻ። የርካሽ ትኬት ሻጮች ሁለት የተለያየ ትኬት ቀጣጥለው ይሸጣሉ፣ እንደዛ ሲሆን ሻንጣሽን ፍራንክፈርት ላይ ተቀብለሽ ወጥተሽ እንደገና ቼክ ኢን አድርጊ ማለት ነው፣ ለመውጣት ደግሞ የሼንገን ቪዛ ያስፈልጋል። ይሄ ቦሌ ላይ ነው የሚታየው፣ እዛው ይመልሷታል፣ ለሁለተኛ ጊዜ። አደራሽን ቀጥታውን በረራ ጠብቂ።

ትኬት ቆራጭ

ማይን ዳር ያለው ልክ ነው። ኤጀንሲዋ ስትደውል እነዚህን ጠይቂያት፣ እኔ ቲኬት ቢሮ በሰራሁባቸው ዓመታት ሰው ሳይጠይቅ ቀርቶ ሲቸገር ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

ክፍያው ሦስት ነገር ተደምሮ ነው የሚመጣው፣ የኖ ሾው ቅጣት፣ የመቀየሪያ ክፍያ፣ እና በድሮው ዋጋና በእሁዱ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት። ለየብቻው ንገሪኝ በያት። ሪማርኩ ስላለና አስቀድመሽ ስለደወልሽ የኖ ሾው ቅጣቱ ይነሳልኝ ብለሽ መጠየቅ ትችያለሽ፣ ሊነሳም ላይነሳም ይችላል ግን ያልጠየቀ አይሰጠውም። አብዛኛውን ጊዜ ትልቁ ልዩነቱ ነው፣ እሱ ደግሞ በቀን ይለያያል፣ እሁድ ውድ ከሆነ ሰኞንና ማክሰኞንም እይልኝ በያት፣ ቪዛው እስከ 29 ስለሆነ ሁለት ቀን ብትቆይ ምንም አትሆንም። ለጥንቃቄ ግን ከ29 ቀድማ አሜሪካ መድረስ አለባት፣ ቪዛው ላይ ያለው ቀን አሜሪካ በር ላይ የምትቀርብበት የመጨረሻ ቀን ነው፣ ከገባች በኋላ ስንት ወር እንደምትቆይ የሚወስነው በር ላይ ያለው ኦፊሰር ነው፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ደግሞ ይሄን በደንብ ስሚኝ፣ ቡኪንግና ትኬት አንድ አይደሉም። "ተስተካክሏል፣ እሁድ ነች" ይሉሻል፣ ቦታው ተይዟል ማለት ነው፣ ትኬቱ ግን ሪኢሹ ካልተደረገ፣ ማለትም በአዲሱ ቀን እንደገና ካልተቆረጠ፣ ካውንተር ላይ እንደገና ትመለሳለች። ከከፈልሽ በኋላ አዲሱ ኢ-ትኬት በኢሜይል መምጣት አለበት፣ 13 አሃዝ የትኬት ቁጥር ያለው። ከዛ አየር መንገዱ ዌብሳይት ላይ በኮዱ ገብተሽ መሄጃውም መመለሻውም በስሟ መኖሩን በዓይንሽ እይ። ካላየሽ አትተኚ።

ከኤጀንሲ የተገዛ ትኬት አውሮፕላኑ እስኪነሳ ድረስ ብዙ ጊዜ በኤጀንሲው በኩል ነው የሚነካው፣ አየር መንገዱ ጋ ስትደውይ ወደገዛሽበት ሂጂ ሊሉሽ ይችላሉ። በር ላይ የቆመ ሰው ሲሆን ግን የኤርፖርቱ ትኬት ቢሮ ሊረከበው ይችላል፣ ስለዚህ ኤጀንሲው ከዘጋብሽ ወንድምሽን ጠዋት እዛ ላኪው።

ሰሚራ ሪያድ

እህቴ እንኳን እናትሽ ደህና ሆነች፣ በሰላም ትገላገይ። እኔ ደግሞ እዚህ ሳዑዲ ላሉ እህቶቻችን ልናገር ይህን ጥያቄ ካነሳችሁ አይቀር። ለእረፍት አገር ቤት ገብታ ስትመለስ በረራ ያመለጣት ልጅ መጀመሪያ ትኬት ሳይሆን ኤግዚት ሪኢንትሪዋ (የመውጫና መመለሻ ቪዛዋ) ላይ ያለውን ቀን ትመልከት። ሁለት ቀን ቀርቶት ከሆነና የሚቀጥለው በረራ በሦስተኛው ቀን ከሆነ ትኬቱ ቢስተካከልም ዋጋ የለውም። ሳያልቅ ለከፊሏ (ለአሰሪዋ) ትደውልና በአብሽር (በሳዑዲ መንግሥት የኦንላይን አገልግሎት) እንዲያራዝምላት ትጠይቅ፣ እሷ ውጪ እያለችም ይራዘማል፣ ግን እንዲያራዝም ለማሳመን ጊዜ ያስፈልጋል፣ አንዳንዱ ስልክ አያነሳም፣ አንዳንዱ ነገ ይላል። ስለዚህ በረራው ባመለጣት ማታ ደውላ ንገሩልኝ ትበል፣ ቤቱ ያለችውን ማዳምም ቢሆን።

ከዚህ ለመጨረሻ የምትወጣ ደግሞ ፋይናል ኤግዚት ከተመታላት በኋላ 60 ቀን ነው ያላት፣ በረራ አመለጠኝ ብላ ጓደኛ ቤት ቁጭ ካለች ቀኑ እያለቀባት ነው። ትኬቱንም ብዙ ጊዜ የገዛው አሰሪው ስለሆነ ቀን ቀይሩልኝ ስትል የከፈለው ይምጣ ትባላለች። የትኬቱን ፎቶ አንስታ ስልኳ ላይ ትያዝ፣ ኮዱ እጇ ላይ ካለ ቢያንስ ሰው ሊረዳት ይችላል። ኮድ የሌላትን ልጅ ኤርፖርት ላይ አግኝቻት ስሟን ብቻ ይዘን ስንንከራተት አድረናል፣ እሷ ስታለቅስ ያየሁት እስካሁን ይታየኛል።

ዳላስ ነኝ

አገር ውስጥ አሜሪካ ለምትበሩ ባጭሩ፣ ጎማ ፈንድቶ ምናምን ዘግይታችሁ ከመነሻው በ2 ሰዓት ውስጥ ኤርፖርት ከደረሳችሁ ብዙ አየር መንገዶች በሚቀጥለው በረራ ስታንድባይ ያደርጓችኋል፣ ወንበር ከተረፈ ትሄዳላችሁ ማለት ነው፣ ተጨማሪ ሳያስከፍሉም ሊሆን ይችላል፣ የተጻፈ መብት አይደለም ግን ጠይቁ። እና ከአገር ቤት ዘመድ የምታስመጡ፣ እባካችሁ ደለስ ድረስ አንድ ትኬት ከዛ ወደ ዳላስ ወይ ሲያትል ሌላ ርካሽ ትኬት ለብቻው አትግዙ። መጀመሪያ የሚገቡበት ከተማ ላይ ኢሚግሬሽን ሰልፍ አለ፣ ሻንጣ መቀበል አለ፣ ጉምሩክ አለ። በአንድ ትኬት ከሆነ ቢያመልጣቸው አየር መንገዱ ቀጣዩ ላይ ያስቀምጣቸዋል፣ በሁለት ትኬት ከሆነ ግን ሁለተኛው አየር መንገድ ስለመጀመሪያው በረራ ምንም አያገባውም፣ ኖ ሾው ናቸው በቃ። እንግሊዝኛ የማይችሉ አዛውንት ሲሆኑ ደግሞ አስቡት።

ማይን ዳር (ፍራንክፈርት)

ዳላስ ያልከው ትልቅ ነጥብ ነው፣ እኔም ላክልበት። በረራ አመለጠ ሲባል ሁለት ዓይነት ነው። ተሳፋሪው ሲዘገይ አንድ ነው፣ የመጀመሪያው አውሮፕላን ዘግይቶ ተከታዩ ሲያመልጥ ሌላ ነው፣ ሁለተኛው ላይ ቅጣት የሚባል ነገር አትክፈሉ፣ በአንድ ትኬት ላይ እስካለ ድረስ ያለክፍያ ማሳፈር የነሱ ግዴታ ነው።

ከአውሮፓ ህብረት ኤርፖርት ስትነሱ ደግሞ፣ የየትኛውም አገር አየር መንገድ ይሁን፣ የ2004ቱ ሕግ ቁጥር 261 ይሸፍናችኋል። ወደ አውሮፓ ስትመጡ ግን የሚሸፍነው የአውሮፓ አየር መንገድ ከሆነ ነው። ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ በነሱ ጥፋት መጨረሻችሁ ላይ በጣም ዘግይታችሁ ከደረሳችሁ እስከ 600 ዩሮ በሰው ካሳ አለ። በ3 እና በ4 ሰዓት መካከል ከሆነ ግማሹን ሊቀንሱት ይችላሉ። የአየር ሁኔታ ከሆነ ምክንያቱ ካሳው የለም፣ ምግብና ማደሪያው ግን አለ፣ አየሩ ነው ብለው ወንበር ላይ ሊያሳድሯችሁ አይችሉም። የቦርዲንግ ፓስ ቁራጩን አትጣሉ፣ የዘገየበትን ምክንያት በጽሑፍ ጠይቁ። ካሳውን ራሳችሁ አየር መንገዱ ዌብሳይት ላይ መጠየቅ ትችላላችሁ፣ ከካሳው ሲሶ የሚቆርጥ ድርጅት ጋ መጀመሪያ መሄድ አያስፈልግም።

የሸዋ ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ደወለችልኝ። እሁድ በጣም ውድ ነው፣ ትኬት ቆራጭ እንዳልከኝ ሰኞና ማክሰኞ እይልኝ አልኳት፣ ማክሰኞ ልዩነቱ ከግማሽ በታች ሆነ። ኖ ሾው ቅጣቱንም ሪማርኩን አይታ አየር መንገዱን ጠየቀችልኝና ተነሳ፣ መቀየሪያውንና ልዩነቱን ብቻ ከፈልኩ። ኢ-ትኬቱ መጥቷል፣ 13 አሃዝ ቆጥሬያለሁ፣ ጃንዋሪውም አለ።

አንድ ነገር ግን አሳሰበኝ፣ ዌብሳይቱ ላይ ገብቼ ሳይ የድሮው ቡኪንግ ላይ ዊልቸር የሚል ነበር፣ አዲሱ ላይ አላየሁትም። እናቴ መራመድ ትችላለች፣ ዊልቸር ያስያዝኩላት የሚመራት ሰው እንዲኖር ነው፣ ደለስ ላይ ለብቻዋ ያንን ሁሉ ሰልፍ አትወጣውም። ደግሞ ፍልሰታ ነው፣ የጾም ምግብም አዝዤላት ነበር።

ትኬት ቆራጭ

ጥሩ ዓይን ነው ያለሽ። ትኬት ሲቀየር እነዚህ ተጨማሪ ነገሮች አብረው ላይሄዱ ይችላሉ፣ ዊልቸሩም ምግቡም እንደገና መጠየቅ አለበት። ምግቡ ብዙ ጊዜ ከበረራው ቢያንስ 24 ሰዓት ቀድሞ ነው፣ ቪጋን የሚለውን ነው የምታዥው፣ ቬጀቴሪያን ብቻ ካልሽ ወተትና እንቁላል ሊኖርበት ይችላል። ለዊልቸሩ ደግሞ ማክሰኞ ካውንተር ላይ እንደገና ትናገር፣ ደለስ ላይ ከአውሮፕላኑ በር ጀምሮ ነው የሚቀበሏት፣ ኢሚግሬሽኑንም ሻንጣውንም አልፈው አንቺ እስካለሽበት ያመጧታል። ወንበሯም ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፣ መተላለፊያ ዳር ይሁንላት ካልሽ አሁን ምረጪላት።

የጉለሌዋ

እኔ የምጨምረው ስለ ቀንና ሰዓት ነው፣ ምክንያቱም በቤተሰቤ ውስጥ በመንገድ መዘጋት ሳይሆን በዚህ ነው ሰው በረራ የሚያመልጠው። ትኬት የሚጻፈው በፈረንጅ ቀንና ሰዓት ነው፣ ቀኑ የሚቀየረውም እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ለኛ ግን ሌሊቱ የቀደመው ቀን ሌሊት ነው። ትኬቱ ኦገስት 18፣ 01:20 ካለ ከሌሊቱ 7:20 ነው፣ ኤርፖርት የሚኬደው ኦገስት 17 ማታ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው፣ በኛ ነሐሴ 11 ማታ። ለአዛውንት "ነሐሴ 12 ነው በረራሽ" ብላችሁ ከነገራችኋቸው 12 ቀን ማታ ተሰነባብተው ይመጣሉ፣ አውሮፕላኑ ከሄደ ቀን ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው። እኛ ቤት አሁን የምናደርገው የበረራውን ሰዓት ጭራሽ አንናገርም፣ "እሁድ ማታ 2 ሰዓት ከቤት ትወጫለሽ" ብቻ ነው የምንለው፣ ወረቀት ላይ በትልቁ ጽፈን።

ከክፍለ ሀገር የሚመጡ ደግሞ ከተቻለ አንድ ቀን ቀድመው ገብተው አዲስ አበባ ይደሩ። አዲስ አበባ ያለንም ብንሆን የካቲት ላይ የአፍሪካ ህብረት ጉባኤ ሲኖር፣ የደመራ ዕለት፣ ታላቁ ሩጫ ሲሆን ቦሌና መስቀል አደባባይ አካባቢ መንገድ እንደሚዘጋ ረስተን እንወጣለን። ያን ቀን በቀለበት መንገድ ዙሩ፣ ወይ በጠዋቱ ውጡ።

ቦሌ ሚካኤል

እንኳን ተስተካከለ፣ የዘመዱን ነገር ያልኩት አዝኜ ነው፣ ትኬት ቆራጭ ያልከው ገብቶኛል። አንድ ጥያቄ ልጠይቅ፣ ቼክ ኢን አድርጎ ሻንጣ ሰጥቶ ኢሚግሬሽን ካለፈ በኋላ ጌት ላይ ያመለጠውስ ሰው? የጎረቤቴ ልጅ ቡና እየጠጣ ጥሪውን ሳይሰማ ቀረ፣ ሻንጣው ዱባይ ሄዷል ብሎ ተስፋ ቆርጦ ነበር።

ትኬት ቆራጭ

ሻንጣው አይሄድም። ሰው ያልተሳፈረበት ሻንጣ ከዓለም አቀፍ በረራ ላይ ለደህንነት ሲባል ይወርዳል፣ አንዳንዴ በረራ የሚዘገየውም ያንን አንድ ሻንጣ ፍለጋ ነው። ጌቱ ከተዘጋበት እዛው ያለውን ሰራተኛ ይጠይቅ፣ ለብቻው ወደ ውጪ አይሩጥ። ፓስፖርቱ ላይ የመውጫ ማህተም ተመቷል፣ ከአገር ወጥቷል ነው የሚለው፣ ስለዚህ ከሰራተኛ ጋር ተመልሶ ኢሚግሬሽን ላይ ያ ማህተም መሰረዝ አለበት። ከዛ ሻንጣውን ይቀበላል፣ የሻንጣውን ታግ ወረቀት ይያዝ። ከዛ ትኬት ቢሮ። ቀን ካልወሰነ ኦፕን አድርጉልኝ ይበል፣ ትኬት ብዙ ጊዜ ከተቆረጠበት ጀምሮ 1 ዓመት ይቆያል፣ ጭራሽ ካልሄደም የማይመለስ ትኬት ነው ቢሉት እንኳን ያልተበረረበትን የኤርፖርት ታክስ መልሱልኝ ብሎ በጽሑፍ ይጠይቅ።

የሸዋ ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ዊልቸሩም ምግቡም ገብቷል፣ ስልክ ላይ አረጋግጠውልኛል። እናቴ ከማክሰኞ በፊት ደብረ ብርሃን አልመለስም አክስትሽ ጋ እቆያለሁ ብላለች፣ ማክሰኞ ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ከሲኤምሲ ይወጣሉ። ሰሚራ፣ አሜን፣ አንቺም ያገኘሻት ልጅ መጨረሻዋ ምን ሆነ?

ሰሚራ ሪያድ

ገባች እህቴ። አሰሪዋ ኮዱን በዋትስአፕ ላከ፣ በሁለተኛው ቀን በረረች።